አሮጌውን ዊንዶውስ በፍላሽ ስለ መጫንና ስለ መዝገባችን ጥበቃ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጽሕፈት ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንኳንና ወንበር፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ ሰሃን አይደለም፤ የእድሩ መዝገብ ስላለበት ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ዓመት በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረውን ዊንዶውስ አጥፍተን፣ ከዚያ የቀደመውን ዊንዶውስ 7ን በፍላሽ ጭነንበታል። «አዲስ እያለ አሮጌ ምን ያደርጋል?» ብለው የጠየቁን አባላት አያሌ ስለሆኑ፣ ምክንያቱንና አኳኋኑን ለሁሉም በአንድነት መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንዳንዶቻችን «እድር የኖረው በደብተር ነው፤ ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል?» እንል ይሆናል። ደብተሩም ቢሆን አልተተወም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን መዝገቡ ምን እንደያዘ እናስብ። የአባሉ ስም፣ የባለቤቱና የልጆቹ ስም፣ በእሱ በኩል የተመዘገቡ አባትና እናት፣ መዋጮ የተከፈለበት ቀን፣ ውዝፍና ቅጣት ሁሉ በእሱ ላይ ነው። ሰው ሲሞት፣ ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጸሐፊው የሚያየው ይህንኑ ነው። መዝገቡ ቢጠፋና አንዲት እናት በሐዘኗ መካከል ተጠርታ «የስድስት ወር መዋጮ አልተከፈለም» ብትባል፣ እሷ ደግሞ ከፍላ ቢሆን፣ ድንኳን በሚተከልበት ሰዓት ክርክር ይተከላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በኮምፒዩተር ያለው ግን ጠባቂ ካላገኘ በአንድ ጠቅታ ይጠፋል።

ለምን ወደ አሮጌው ተመለስን?

ኮምፒዩተር ብረቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ማተሚያውንና በውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝ አንድ ዋና ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለእድር ዳኛ እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል፤ ዊንዶውስም ከነዚሁ አንዱ ነው።

የእኛ ኮምፒዩተር ያገለገለ ነው። በጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደሚያሳየው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 7 ነበረው። ሜሞሪው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነበር። ታዲያ ጠዋት ሲያበሩት ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ አይከፈትም። ከዚህም የባሰው፣ መዝገባችን የተሠራበት ፕሮግራም ለቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች የተዘጋጀ ስለነበረ፣ በአዲሱ ላይ ሲከፈት ወዲያው ይዘጋ ነበር።

«ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አልሄዳችሁም?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። የእኛ ማሽን ይህን አያሟላም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 7 ግን ባለ 32 ቢቱ በ1 ጊጋባይት ሜሞሪና በ16 ጊጋባይት ቦታ፣ ባለ 64 ቢቱ በ2 ጊጋባይት ሜሞሪና በ20 ጊጋባይት ቦታ ይሠራል። እኛ ባለ 32 ቢቱን መርጠናል፤ ለማሽኑ ቀለል ስለሚል ነው። በጣም የቆዩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችም በባለ 64 ቢቱ ላይ ጨርሶ አይከፈቱም።

ስለ ሊኑክስ የጠየቁንም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊኑክስ ሚንትና ሉቡንቱን የመሳሰሉት በነጻ ይገኛሉ፣ ዛሬም እየታደሱ ነው። በቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለውና ኢንተርኔት ለማየት የሚፈልግ አባል ቢኖር፣ ከዊንዶውስ 7 ይልቅ እነዚህን ቢሞክር እንመክራለን። የእኛ የመዝገብ ፕሮግራም ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ስለሆነ መንገዱ ለእኛ አልሆነም።

ከሁሉ በፊት መዝገቡን ማዳን

አስር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የነበረው ይደመሰሳል። ከዚያ በኋላ «ኧረ ያ ፋይል የት ሄደ?» ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፍላሹን ከመንካታችን በፊት ሦስት ነገር አድርገናል።

አንደኛ፣ የመዝገቡን ፕሮግራም፣ ከነፎልደሩ፣ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ገልብጠናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገለብጠው በስክሪኑ ፊት የሚታየውንና ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን ነው። የቆዩ ፕሮግራሞች ግን መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያም ካልተገለበጠ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ፊደሎቹን ገልብጠናል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ስለሆነ ጥቂት እናብራራው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ላይ «ሀ» እና «ለ» የሚቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር። በመሆኑም በዚያ ዓይነት የተጻፈ ስም፣ ያው የቆየ ፊደል በኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ስሙ አልጠፋም፤ ግን ማንም አያነበውም። ዊንዶውስ 7 ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ቢመጣም፣ እሱ የሚያነበው በዩኒኮድ የተጻፈውን ብቻ ነው። ስለሆነም የቆዩትን ፊደሎች ፎንትስ ከሚባለው ፎልደር ገልብጠን አስቀመጥን።

ሦስተኛ፣ የገለበጥነውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተን አየን። መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ተገልብጦ የማይከፈት ፋይል፣ ተቆልፎ ቁልፉ እንደጠፋ ዕቃ ቤት ነው። ከዚህ ጋር መዝገቡን በሙሉ በወረቀት አትመን ከደብተሩ ጋር አመሳከርነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የኮምፒዩተራችን ዲቪዲ ማንበቢያ ከሥራ ውጭ ስለነበረ፣ መጫን የሚቻለው በፍላሽ ብቻ ነበር። ለዊንዶውስ 7 ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ 8 ቢሆን ይመረጣል።

ዊንዶውሱ ከየት ይገኛል? ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ማሰራጨት አቁሟል። እኛ የተጠቀምነው ከማሽኑ ጋር በመጣው ኦሪጅናል ዲቪዲ ነው። «ቁልፍ አይጠይቅም፣ ሁሉም ነገር አለው» እየተባለ የሚሸጠውን ወይም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ቅጂ አልፈለግንም። ማን እንደነካካውና ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ፣ የእድር መዝገብ በእሱ ላይ አይጣልም። በማሽኑ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለውን ባለ 25 ፊደልና አኃዝ ቁልፍም ሳይደበዝዝ በደብተር ላይ ገልብጠን ያዝነው።

ዲቪዲ ማንበቢያው ደኅና በሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ዲስኩን አይኤስኦ ወደሚባል አንድ ፋይል ቀየርነው። ይህን ፋይል እንዲሁ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ግን ከንቱ ድካም ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ ተጭኖ ጥሩምባ ነፊው ካልጠራ ማን ይመጣል? ፍላሹም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ «ከእኔ ተነሣ» ብሎ የሚጠራው ትንሽ ጽሑፍ በፍላሹ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚሠራልን ሩፈስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ፍላሹን መምረጥ፣ የአይኤስኦውን ፋይል ማሳየት፣ እንደ እኛ ላለ አሮጌ ማሽን የዲስኩን አከፋፈል ኤምቢአር፣ የማስነሻውን ዓይነት ባዮስ ማድረግና ማስጀመር ነው። ለዚህ ዩኢኤፍአይና ጂፒቲ የሚባሉት ለአዳዲሶቹ ናቸው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሩፈስ ሥራውን ሲጀምር በፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ይደመስሳል። መዝገቡ የተገለበጠበት ፍላሽና ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ በምንም ምክንያት አንድ መሆን የለባቸውም። እኛ በሁለቱ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር አስረንባቸዋል።

ከፍላሽ ማስነሣትና መጫን

ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ ሲበራ፣ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ መንገር ያስፈልጋል። በብዙ የዴልና የሌኖቮ ማሽኖች ኤፍ 12ን፣ በብዙ የኤችፒ ማሽኖች ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን እንደበራ ደጋግሞ መጫን ነው። ዝርዝር ይመጣል፤ ከዚያ ፍላሹን መምረጥ ነው።

አዲስ ኮምፒዩተር ላላቸው አባላት አንድ ነገር እንጨምር። ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ዩኤስቢ 3.0 ገና አልተስፋፋም ነበር፤ ስለዚህ ዲስኩ የእሱን ድራይቨር አልያዘም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡ ብዙ ማሽኖች ላይ ሲጫን ማውሱና ኪቦርዱ ድንገት ይደነዝዛሉ፤ ወይም «የሲዲና የዲቪዲ ድራይቨር ጎድሏል» የሚል መልእክት ይመጣል። ሰው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል፤ ፍላሹ ግን ምንም አልሆነም። ውስጡ ሰማያዊ ከሆነው ቀዳዳ አውጥቶ ጥቁር በሆነው መሰካት የሚረዳበት ጊዜ አለ። በአዲሶቹ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለውንም መዝጋት ያስፈልጋል። እንዲያውም እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው አዲሱን ይዞ ቢቀጥል ይሻለዋል እንላለን።

መጫኑ ሲጀመር ቋንቋ ይጠየቃል፤ ከዚያም ማሻሻል ወይም በራስ ምርጫ መጫን የሚል ይመጣል። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ቀጥሎ የሃርድ ዲስኩ ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ እንደለመድነው «ሲ» እና «ዲ» እየተባሉ ሳይሆን በቁጥርና በመጠን ብቻ ስለሚታዩ ነው። ስለዚህ የየክፍሉን መጠን አስቀድመን በወረቀት ላይ ጽፈን ነበር። የማይፈለገው ክፍል በስሕተት እንዳይሰረዝ፣ ሌላ ውጫዊ ዲስክ ካለም ነቅሎ ማስቀመጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የማሽኑ ነው። ፋይሎቹን ይገለብጣል፣ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። በመጀመሪያው መነሣት ላይ፣ በማስነሻው ተራ ፍላሹ ቀዳሚ ሆኖ ከተተወ፣ እንደገና ከፍላሹ ተነሥቶ «ቋንቋ ምረጥ» ይላል። አንዳንዱ ሰው ይህን አይቶ እንደገና ይጀምረዋል፤ ሲዞር ይውላል። መድኃኒቱ በዚያ ሰዓት ፍላሹን መንቀል ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ሥራው ከመጀመሪያ ስለሚደገም፣ ዩፒኤስ ያለው ቢጠቀምበት ድካም ይቀንሳል።

ተጭኖ ሲያልቅ ስክሪኑ ደብዛዛና ፊደሉ ትልልቅ ሆኖ ቢታይ አያስደነግጥም፤ የስክሪኑ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ከኮምፒዩተሩና ከማተሚያው ሠሪዎች ድራይቨሮቹን አስቀድመን አውርደን በሌላ ፍላሽ ይዘን ስለነበር፣ እነሱን አከታትለን ጫንን። ከዚያ የቆዩትን ፊደሎች፣ በመጨረሻም የመዝገቡን ፕሮግራም መለስን።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፤ ዋጋዋ ትንሽ፣ ጉዳቷ ግን ትልቅ። በማሽኑ ውስጥ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሲአር 2032 የሚባል የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ይገኛል። ሲደክም ኮምፒዩተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። የተከፈለበት ቀን የሚመዘገብበት ማሽን ቀን ከሳተ፣ የዘንድሮው መዋጮ የአምና ካቻምና ሆኖ ይጻፋል። ስለሆነም ባትሪውን ለውጠናል።

አሮጌው ያለበት አደጋ

አሁን ጥቅሙን እንደተናገርን ጉዳቱንም ሳንሸፋፍን እንናገር። ዊንዶውስ 7 ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን ጥገና ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በክፍያ ለድርጅቶች የተራዘመውም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍን የለም።

ከዚህ የከፋ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዊንዶውስን ከአሮጌ ዲስክ እንደገና ስንጭን፣ ማሽኑን የምንመልሰው ዲስኩ ወደተሠራበት ዘመን ነው። የእኛ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ሰርቪስ ፓክ 1 የያዘ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠራው ጥገና ሁሉ በእሱ ውስጥ የለም። ሲታይ አዲስና ፈጣን ነው፤ ከመጠበቅ አንጻር ግን ከቆየው ይልቅ ዕርቃኑን ነው።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን አጥቅቶ፣ ፋይሎቻቸውን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቆባቸዋል። በብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ናቸው። የሚያሳዝነው፣ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወር ወጥቶ ነበር። ያልጫነው ተጠቃ። የእኛ የ2011 ዲስክ ደግሞ ያንን መድፈኛ ጨርሶ አያውቀውም።

ስለዚህ አሮጌውን የጫንነው በአንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ነው፤ ይህ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። በገመድም ሆነ በስልክ አይገናኝም። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ቀሪው በር ፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ውሎ የመጣ ፍላሽ፣ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዊንዶውስ 7 ፍላሽ እንደተሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ራሱን በራሱ እንዳይከፍት ስለሚከለክል ከኤክስፒ ይሻላል፤ ነገር ግን ሰው በገዛ እጁ ከከፈተው ምንም አያድነውም። በመሆኑም የውጭ ፍላሽ በዚህ ማሽን ላይ አይሰካም። የልጅ ፎቶ ለማተም እንኳ ቢሆን እባካችሁ አትጠይቁን። እንቢ ስንል ንቀት አይደለም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት እንዲጸድቁልን እንጠይቃለን።

1. የእጅ ደብተሩ እንዳይቋረጥ። መዋጮ በተከፈለበት ሰዓት በደብተሩ ይጻፋል፤ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባው ከደብተሩ ነው።

2. በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ በወረቀት ታትሞ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እንዲፈርሙበት።

3. መዝገቡ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተለዩ ሁለት ፍላሾች ላይ ተገልብጦ፣ አንዱ በጸሐፊው፣ ሌላው በገንዘብ ያዡ ቤት እንዲቀመጥ። እሳት ወይም ሌባ በአንድ ቀን ሁለት ቤት አይገባም ብለን ነው።

4. የዊንዶውሱ ፍላሽ፣ የድራይቨሮቹ ፍላሽና የቁልፉ ቁጥር በአንድ ፖስታ ታሽገው ዕቃ ቤት እንዲቀመጡ። ማሽኑ ቢበላሽ ተተኪው ሰው ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ነው።

5. ከወጣት አባላት ሁለቱ ሥራውን ከእኛ ጋር ሆነው እንዲማሩ። እኛም ሰዎች ነን፤ ጥሩምባው አንድ ቀን ለእኛም ይነፋል።

6. ስሞቹ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት በዩኒኮድ ፊደል እንደገና ተጽፈው፣ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሊከፈት በሚችል ሠንጠረዥ እንዲዘጋጁ። አሮጌው ዊንዶውስ ፋታ ሰጠን እንጂ ለዘለዓለም አይዘልቅም። ማሽኑ ከመሞቱ በፊት መዝገቡ ከእሱ መውጣት አለበት።

ስድስተኛው ሐሳብ ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በየቤታችሁ ስንመጣ የቤተሰባችሁን ስም ከነአባት ስሙ በትክክል በማስመዝገብ፣ የተሳሳተ ካለም ዛሬውኑ በመንገር እንድትተባበሩን እንለምናለን። ስም ማረም የሚቻለው በደኅናው ቀን ነው፤ በለቅሶ ቀን እንባ እንጂ መታወቂያ የሚፈልግ የለም።